ዜና ዘመቻ ዘመምህር ደግሰው፣ በእንተ ጾታሁ ለነጭ ሽንኩርት

በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ በወርኃ መጋቢት፣ የትምህርት ቤታችን ማባዣ ማሽን ባረፈች በሁለተኛው ዓመት፣ አዲሱ ርእሰ መምህር የመምህራን ማረፊያ ክፍሉን ቁልፍ ኪሳቸው ከትተው በዘነጉበት ወራት፣ በደሃና ምድር፣ በአምደወርቅ ከተማ፣ ማንም ሳይሾማቸው የላቲን ቋንቋ ጠባቂ፣ ማንም ሳይለምናቸው የስምና የቅጽል አስታራቂ፣ የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል የሥነ ሕይወት መምህር የሆኑት ጌታችን መምህር ደግሰው የሠሩትን ገድል፣ ዓይናችን እንዳየው ጆሯችንም እንደሰማው፣ ሳንጨምር፣ የምንቀንሰውንም በጨዋ ደንብ ቀንሰን እንጽፋለን። ጸሐፊው እኔ በዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ በዘመቻውም ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር ሆኜ ተዋግቻለሁ።

እኒህ ጌታ ስለ ዕፀዋት ስም የሚናገር አንድ ወፍራም መጽሐፍ ከዩኒቨርሲቲ ይዘው የተመለሱ ሲሆን፣ መጽሐፉ ከኋላው ጥቂት የላቲን ሰዋስው ነበረበትና፣ ሌላው ሰው የፊቱን ሲያነብ እርሳቸው የኋላውን አነበቡ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አላገኙም፤ እኛም አላገኘንም። ሠርግ ተጠርተው ሰው ሁሉ ጠላውን ሲያመሰግን እርሳቸው የጌሾን ስም በላቲን ጠርተው ሙሽራውን አስደነገጡት። ተማሪ በፈተና ላይ የአበባ ክፍሎችን ሁሉ በትክክል ሥሎ የአንዱን ስም መድረሻ ቢስት ግማሽ ነጥብ ይቀነስበታል። በተለይም ከግሥ የተወለዱ ቅጽሎችን ይወዱ ነበር፤ ስለ እነርሱ ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ቅዳሴ ዝቅ ይላል።

የእኒህ ጌታ ባለቤት ወይዘሮ ደመቀች ግን ገበሬ ናት። ከአባቷ ከአቶ ምንዋጋው የወረሰችው ከወንዝ ዳር ያለ ቁራሽ መሬት አላት፤ በእርሱ ላይ ነጭ ሽንኩርት ትተክላለች፤ ሽንኩርቷም ጥርሱ ደንዳና፣ ሽታው ከመንደር መንደር የሚሻገር ነው። ችግሩ ውኃ ነው። በጋው ሲጠና ወንዙ ወደ ታች ይሸሽና ደመቀች በጀሪካን እያመላለሰች ታጠጣለች። ባለፈው ዓመት ትከሻዋ እስኪላጥ ተሸክማ፣ የመሬቱ ግማሽ ሽንኩርቱ ሳይቋጥር ደርቆባታል። እንግዲህ ዘንድሮ በሰቆጣ የሰብል ኤግዚቢሽን እንደሚደረግ፣ በየሰብሉ አንደኛ ለወጣም የውኃ መሳቢያ ሞተር እንደሚሸለም ሲነገር፣ ደመቀች ከምርቷ ምርጥ ምርጡን ለቅማ፣ ጉንጉን ሠርታ፣ ቀድማ ላከች። ስለ ሞተሩ ማታ ማታ ስታወራ መምህር ደግሰው «ጥሩ ነው» ይሉ ነበር። ምን እንዳለች ግን የሰሙ አይመስለኝም።

ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ አዘጋጆቹ የሰሌዳዎቹን ፎቶ በቴሌግራም ለቀቁ። ደመቀች ስልኳን ይዛ ባሏ ወደ ተቀመጡበት ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ መጣች። እኔም አጠገባቸው ነበርሁ።

«እየው ደግሰው! ስሜን እየው፤ በትልቁ ጽፈውታል!»

ጌታችን ስልኩን ተቀበሉ። ፎቶውን በሁለት ጣት አሰፉ። ሰሌዳው ከላይ «ነጭ ሽንኩርት» ይላል፤ ከሥሩ በላቲን ፊደል «አሊዩም ሳቲቫ»፤ ከዚያ በታች «አምራች፦ አርሶ አደር ደመቀች ምንዋጋው»። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ሳቲቫ!» አሉ።

«ምን አልክ?»

«ሳቲቫ ብለው ጻፉት! በሴት!»

ደመቀች ስልኳን መልሳ ተቀበለችና ስሟን ብቻዋን ስታየው ቆየች።

በዚያችው ሰዓት መምህር ደግሰው ወደ መምህራን ማረፊያ በር ሄዱ። ክፍሉ እንደ ተቆለፈ ስለ ነበር በደጁ ዛፍ ሥር ቆመው፣ የተሰበሰቡ መምህራን ሻያቸውን እንደያዙ፣ ይህን ዐዋጅ አወጁ፦

«የምታስተምር መምህር፣ የምትማር ተማሪ፣ በመዝገብ ቤትም ያለህ፣ አድምጠኝ! ሴሮ የሚባል ግሥ አለ፤ ዘራሁ ማለት ነው። ከእርሱ ሳቱም ይወጣል፤ ከሳቱም ሳቲቩስ የሚባል ቅጽል ይወለዳል፤ የሚዘራ ማለት ነው። ይህም ቅጽል ብቻውን የሚኖር አይደለም፤ የሚከተለውን ስም አይቶ መድረሻውን ይለውጣል። ስሙ ወንድ ቢሆን ሳቲቩስ፣ ሴት ብትሆን ሳቲቫ፣ ከሁለቱም ወገን ባይሆን ሳቲቩም ይባላል። እናንተ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ቅድስት አርሴማ ትላላችሁ፤ ቅድስት ጊዮርጊስ ብሎ የሚጠራ ካህን ብታዩ ዝም ትላላችሁን? አሊዩም ወንድም ሴትም አይደለም! ነገ ወደ ሰቆጣ እወጣለሁ። የሚከተለኝ ይከተለኝ፤ የሚቀረውም ክፍለ ጊዜዬን ይሸፍንልኝ!»

ሕዝቡም በታላቅ ጸጥታ ተቀበለው። ከጸጥታውም መካከል የቤተ ሙከራ ሠራተኛው አንዷለም፣ ሰቆጣ የሚያየው ዘመድ ስለ ነበረው፣ እከተላለሁ አለ። እኔም እከተላለሁ አልሁ፤ ምክንያቴን ለታሪክ መተው አያስፈልግም።

በማግሥቱ ማለዳ ሠራዊቱ በመናኸሪያው ተሰበሰበ። በቀኝ ክንፍ ወይዘሮ ደመቀች፣ አዲስ ነጠላ ለብሳ፤ በግራ ክንፍ አንዷለም፣ መቀስና ኮላ ታጥቆ፤ ከኋላ እኔ፤ ከእኔም ጎን በድንበር ተካሰው ወደ አንድ ችሎት በአንድ መኪና የሚሄዱ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው መስኮት የሚከፍት፤ ዶሮ ያቀፈች እናት፤ ጥርሱን ሊያስነቅል የሚሄድ፣ በመንገዱ ሁሉ ለላቲን ጥያቄ በማቃሰት የመለሰ አንድ ሽማግሌ፤ ከጣሪያ ላይም አንዲት ፍየል፣ የሠራዊቱ መለከት። ከወንድማማቾቹ ጀምሮ እነዚህ ሁሉ ስለ ነጭ ሽንኩርት ጾታ እንደ ዘመቱ አንዳቸውም አላወቁም ነበር፤ በዜና መዋዕል ግን ተቆጥረዋል።

ከዳገቱ ወገብ ስንደርስ ሚኒባሱ ጭስ ተፍቶ ቆመ። ረዳቱ ወረደና «ወንዶች ውረዱ፣ ግፉ!» አለ። ወንድማማቾቹ ክሳቸውን ለጊዜው አቆይተው ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ፤ አንዷለምና እኔም ተከተልን። መምህር ደግሰው ግን ወርደው ከመንገዱ ዳር ከድንጋይ ላይ ቆሙና፣ ለክርክሩ እንዲዘጋጁ፣ የቅጽሉን እርባታ ከፍ ባለ ድምፅ ወረዱበት፦ «ሳቲቩም! ሳቲቪ! ሳቲቮ! ሳቲቩም! ሳቲቮ!»

ረዳቱ ሰምቶ «መምህር፣ ‹ሳቲቮ› ሲሉ ነው እንዴ የምንገፋው?» አላቸው።

«እርሱ ሰጪና ተቀባይ ሲኖር ነው» አሉ።

«በቃ፣ መኪናው ተቀባይ ነው!» አለ ረዳቱ። ከዚያ በኋላ መምህሩ «ሳቲቮ!» ባሉ ቁጥር ሁላችንም በአንድ ላይ ገፋን፤ ሚኒባሱም በሦስተኛው እርባታ ተነሣ። ይህ ጌታችን በሕይወታቸው ላቲንን ለሥራ ያዋሉበት ብቸኛው ቀን ነው፤ እርሳቸው ግን እንደ ስድብ ቆጠሩትና እስከ ሰቆጣ ድረስ አኮረፉ።

ሰቆጣ ስንገባ ኤግዚቢሽኑ በሰፊ ሜዳ፣ በድንኳን ሥር፣ በመደዳ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። የጽጽቃ ማሽላ፣ የደሃና ገብስ፣ ማር በቅል፣ ጥቁር አዝሙድ በሰፌድ ሆኖ ይታያል። ከመካከል የደመቀች ጉንጉን ተሰቅሏል፤ ሽታው ከበሩ ይቀበላል። ደመቀች ሽንኩርቷን ስታይ ሣቀች። ሰሌዳዎቹን ያጻፉት የሰብል ባለሙያ አቶ ቢያዝን ናቸው፤ ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ረጋ ያሉ፣ በዚያ ሳምንት እንቅልፍ ያልነካቸው ሰው። ጌታችን ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ ነገሩን አወጡት።

«ሰሌዳው ስሕተት ነው። ሳቲቩም ነው የሚባለው።»

አቶ ቢያዝን ዓይናቸውን አሹ። «ጥቁር አዝሙዱም ሳቲቫ ነው እኮ። አጠገብ ለአጠገብ ስለሆኑ አንድ ዓይነት ይሁኑ ብዬ ነው።»

«ጥቁር አዝሙድ ኒጌላ ናት፤ ሴት ናት! ሳቲቫ ይገባታል። ነጭ ሽንኩርት ግን—»

«መምህር፣ ዛሬ ዳኞቹ ይመጣሉ፤ ድንኳኑ በአንድ በኩል ሊወድቅ ነው፤ የማሩ ባለቤት ንብ ይዞ መጥቷል። አዲስ አላሳትምም።»

«እኔ ባስተካክለውስ?»

«እንደ ፍጥርጥርዎ» አሉና ወደ ንቡ ሮጡ።

እነሆ ድል! መምህር ደግሰው ከአንዷለም መቀሱን ተቀበሉ። ነጭ ወረቀት ቆረጡ፤ ለዘመናት የተገፋው መድረሻ ዛሬ በክብር ይታይ ብለው ወረቀቱን ሰፋ፣ ረዘም አደረጉት። በማርከር በታላላቅ ፊደል የሳቲቩምን መድረሻ ጻፉ። ኮላውንም በማይቆጥብ እጅ ቀቡ፤ አንዷለም «መምህር፣ ጠንካራ ነው፣ ጥቂት ይበቃል» ቢል አልሰሙትም። በታተመው መድረሻ ላይ ለጥፈው፣ በመዳፋቸው አሽተው፣ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ተመልሰው ተመለከቱት። እኛም ተመለከትን። ያን ጊዜ ደመቀች ከጉንጉኑ በስተጀርባ ሆና በሽንኩርቱ ጥርሶች ላይ የቀረውን አፈር በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር።

ከደሃና የመጡ እማማ የሺመቤት የሚባሉ የገብስ ባለቤት፣ በትራቸውን ተደግፈው ቀረቡ።

«ልጄ፣ ምን እየለጠፍክ ነው?»

«እማማ፣ ሽንኩርቱን ሴት ብለውት ነበር፤ አሁን ወደ ቦታው መለስሁት።»

«ወንድ ነው?»

«ወንድም አይደለም፣ ሴትም አይደለም።»

እማማ የሺመቤት ሽንኩርቱን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ታዲያ በምን ይወልዳል?»

«በጥርሱ ነዋ። ጥርሱን ነቅለው ሲተክሉት ይበቅል የለም?»

«እሱስ እውነት ነው። እና ይኸ የጻፍከው ምን ይላል?»

«የሚዘራ ይላል።»

«ነጭ ሽንኩርት ይተከላል እንጂ መቼ ይዘራል?»

ጌታችን ለአፍታ ተናወጡ። ነገር ግን የሚናወጥ ሰው ዘመቻ አይወጣምና «በላቲን አገር መትከሉም መዝራቱም አንድ ግሥ ነው» አሉ። እማማ የሺመቤት «ሰነፍ አገር ነው» ብለው ወደ ገብሳቸው ተመለሱ።

ከቀትር በኋላ ዳኞች በየጠረጴዛው ዞሩ፤ አሸተቱ፤ መዘኑ፤ ከየሰሌዳው ስም እየቀዱ ያዙ። ከዚያም ሕዝቡ በአግዳሚ ተቀመጠ። በመድረኩ ላይ ሞተሮቹ ቀይ ቀለማቸው በፀሐይ እያበራ ተደርድረዋል። ደመቀች በጌታችንና በእኔ መካከል ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ የባሏን እጅጌ፣ በሌላው የኔን ክንድ ይዛለች። የመድረኩ መሪ ማይክሮፎኑን ነካ ነካ አድርጎ አወጀ፦

«በነጭ ሽንኩርት! ጠቅላላ ዳኞች ያለ ልዩነት የተስማሙበት! አንደኛ! አርሶ አደር ደመቀ!»

ደመቀች ልትነሣ ግማሽ መንገድ ደርሳ ቆመች። ከፊት አግዳሚ አንድ ረጅም ሰው ተነሣ፤ ጋቢውን አስተካከለ፤ በጭብጨባ መካከል ወደ መድረኩ ወጣ። ከጽጽቃ የመጡ የማሽላ ገበሬ፣ አቶ ደመቀ ናቸው። የሞተሩን ገመድ በእጃቸው አስያዟቸው። ፎቶ ተነሣ።

«ደመቀ ነው ያለው?» አለች ደመቀች፣ ለማንም ሳይሆን።

ከዚያ በኋላ በሰው መካከል ሰንጥቃ ወጣች። ድምፅዋ ማይክሮፎን አላስፈለገውም። «ሽንኩርቱ የኔ ነው! እኔ ደመቀች ነኝ!»

የመድረኩ መሪ ወረቀቱን አየ። «እህቴ፣ እዚህ የተጻፈው ደመቀ ነው። ዳኞቹ ከሰሌዳው ነው የቀዱት።»

«ሰሌዳው ላይ ስሜ ሙሉ ነው። በፎቶ አይቼዋለሁ።»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ ሰሌዳው ጎረፈ። ሰሌዳውም፣ ከላይ በታላላቅ ፊደል ሳቲቩም፤ ከበታቹ «አምራች፦ አርሶ አደር ደመቀ»፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ወረቀት። የጌታችን ሰፊ ወረቀት ወደ ታች ወርዶ ‹ች›ን ከአባቷ ስም ጋር ሸፍኖ፣ ሚስታቸውን ያለ አባት ወንድ አድርጓታል።

አንዷለም መቀሱን ኪሱ ከተተ። ከዳኞቹ አንዱ «ከሥሩ ምን እንዳለ እንይ፤ ወረቀቱ ይነሣ» አለ።

አሁን ወደምናፍርበት ቦታ ደረስን። ዜና መዋዕል የጌታውን ማመንታት መጻፍ ልማዱ አይደለም፤ እኛ ግን ጽፈነዋል። መምህር ደግሰው በሰሌዳውና በሚስታቸው መካከል ቆመው ነበር፤ እጃቸውም ወደ ወረቀቱ ሄዶ ተመለሰ።

«ሌላ መንገድ ቢገኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ከጎኑ ትንሽ ‹ች› ጽፈን…»

«የእጅ ጽሑፍ አንቀበልም። የታተመው መታየት አለበት» አለ ዳኛው።

ደመቀች ባሏን ፊት ለፊት አየቻቸው። «ደግሰው። የሸፈንከው እኮ የኔን ስም ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ከተነሣ… ሳቲቫ ሊሆን ነው።»

ይህን አሉ። በሰቆጣ ሜዳ፣ በሕዝብ ፊት፣ ሚስታቸው ለአንድ ዓመት በጀሪካን የተሸከመችው ውኃ በሌላ ሰው ገመድ ታስሮ ሳለ፣ ይህን አሉ። እኔ ከአጠገባቸው ነበርሁና እርሳቸው ራሳቸው የተናገሩትን ሲሰሙ አይቻለሁ፤ ጆሯቸው ቀላ።

«ይሁና» አለች ደመቀች። አልጮኸችም። «ሽንኩርቱን በሴት ቢጠሩት አይከፋውም። እኔን ግን በወንድ ቢጠሩኝ ይከፋኛል።»

መምህር ደግሰው ወረቀቱን በጥፍራቸው ያዙ። ኮላው፣ እንደ ተባለው፣ ጠንካራ ነበር። ሲጎትቱ የሰሌዳውን ቆዳ ይዞ ተነሣ፤ ቀስ ቢሉም ቸኮል ቢሉም ያው ነው። መጀመሪያ የአባቷ ስም ብቅ አለ። ‹ች› ተከትላ፣ አንድ እግሯ ተገሽልጦ፣ ነገር ግን ሁሉም ሰው በሚያነባት ሁኔታ ወጣች። ከላይ በላቲኑ በኩል ግን የጌታችን መድረሻ ከታተመው መድረሻ ጋር አብሮ ተነቀለ። በሰሌዳው ላይ የቀረው «ሳቲቭ» ብቻ ነው፤ ወንድ ያልሆነ፣ ሴት ያልሆነ፣ ከሁለቱም ወገን ያይደለም ያልሆነ፤ በላቲን ታሪክ ያልታየ፣ በሰቆጣ የተወለደ ቅጽል።

«ደመቀች ምንዋጋው» ብሎ ዳኛው ጮክ ብሎ አነበበ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እማማ የሺመቤት እልል አሉ።

አቶ ደመቀ የሞተሩን ገመድ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ደመቀች መጡ። «እንኪ እቴ። እኔ ያመጣሁ ማሽላ ነው። ሽንኩርት ሲሉኝ ገርሞኛል፤ ግን በአገር ፊት ስም ተጠርቶ ቁጭ ማለት ነውር መስሎኝ ነው የወጣሁ።» ከዚያ ወደ ጌታችን ዞረው «መምህር፣ እርስዎ አይዘኑ። በርስዎ ምክንያት አንድ ጊዜ ተጨብጭቦልኛል። በማሽላዬ ማንም አላጨበጨበልኝ» አሉና ሞተሩን ራሳቸው ተሸክመው እስከ መናኸሪያ አደረሱልን። ፎቶው ግን እስከ ዛሬ በቴሌግራም አለ፤ አቶ ደመቀ በሽንኩርት አንደኛ እንደ ወጡ ፈገግ ብለው ይታያሉ።

የሠራዊቱ ምላሽ እንደ አወጣጡ አልሆነም። ደመቀች ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች፤ ሞተሩ በእግሮቿ መካከል። ጌታችን ያለ ወትሯቸው ከእኔ ጋር ከኋላ ወንበር ሆኑ። ሚኒባሱ በዚያው ዳገት እንደ ጠዋቱ ሲቆም ቀድመው ወርደው ገፉ፤ በላቲንም አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ረዳቱ «መምህር፣ ሳቲቮ በሉን እንጂ!» ሲላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ግማሽ መንገድ እንደ ሄድን፣ መኪናው ሁሉ እየሰማ፣ ከኋላ ወደ ፊት እንዲህ አሉ፦

«ደመቀች።»

«አቤት።»

«ፎቶውን ስታሳይኝ ስምሽን አላየሁትም።»

«አውቃለሁ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ደመቀች በእግሮቿ መካከል ያለውን ሞተር ነካ አደረገች። «ሞተሩን ማን እንደሚያስነሣው ታውቃለህ?» አለች።

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ቤት ስንገባ አብረን እናየዋለን።» ዶሮ ያቀፈችው እናት ጠዋት ብቻ ነበረች እንጂ ያን ጊዜ ብትኖር ታለቅስ ነበር፤ በእርሷ ፈንታ ጥርሱን የተነቀለው ሽማግሌ አቃሰተ።

ሞተሩን ያስነሣችው ደመቀች ናት። መምህር ደግሰው መመሪያውን በቃል ይዘው፣ የእያንዳንዱን ክፍል ስም እየጠሩ ገመዱን ደጋግመው ሳቡ፤ ዝም አለ። እርሷ ወገቧን ታጥቃ አንድ ጊዜ ብቻ ብትስበው ጮኸ፤ ውኃው ከወንዙ ወጥቶ በቦዩ ሲሮጥ ጎረቤት ሁሉ ከየቤቱ ወጣ። በዚያ ሰሞን ጌታችን ከማሳው በር ላይ የሚቆም የእንጨት ሰሌዳ አሠሩ። ብሩሹን ይዘው «ከስምሽ ሥር የሽንኩርቱን ልጻፍ?» ብለው ጠየቁ።

«ቦታ ከተረፈ» አለች።

እርሳቸውም ስሟን ጻፉ፤ የአባቷን ጻፉ፤ የአያቷን ጠይቀው ጻፉ። ፊደሉን እንዲህ አተለቁት፣ ከሥሩ ለጉንዳን እንኳ መሄጃ አልተረፈም።

እንግዲህ ዜና መዋዕል በውዳሴ ይዘጋል፤ ይህ ከአባቶች የተቀበልነው ሥርዓት ነው። እኔም ለጌታዬ የሚመጥን ውዳሴ ፈልጌ ስላጣሁ ወደ ራሳቸው፣ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ስለ ላቲን ስጠይቃቸው ከሰቆጣ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ዓይናቸው በራ።

«ላውዶ የሚባል ግሥ አለ፤ አመሰገንሁ ማለት ነው» አሉ። «ከእርሱ አንድ ቅጽል ይወለዳል። የተመሰገነ ማለት አይደለም፤ የሚያመሰግንም አይደለም። ሊመሰገን የሚገባው፣ ምስጋናው ገና ያልተከፈለው ማለት ነው። ለወንድ ላውዳንዱስ፣ ለሴት ላውዳንዳ፣ ከሁለቱም ወገን ላልሆነ ላውዳንዱም።»

«ታዲያ በየትኛው ልጨርሰው?» አልኋቸው፣ ብዕሬን አንሥቼ።

ኦ የግሥ ልጆች ሞግዚት፣ ኦ የመድረሻዎች እረኛ፣ ኦ በመቀስ የወጣህ በጥፍር የተመለስህ፣ ሰንፎ በማያውቅ ኮላ የራስህን ቤት የለጠፍህ፣ ሳቲቭን ለዓለም ያበረከትህ፣ ስምህ በአምደወርቅ ከማባዣ ማሽኑ መታሰቢያ ጋር ጸንቶ ይኑር! ይህን ሁሉ ልጽፍላቸው አስቤ ነበር። እርሳቸው ግን በመስኮቱ ወደ ማሳው፣ ወደ ሞተሩ ድምፅ ተመለከቱ፤ ከወንዙ ዳር ደመቀች ቦይ እያቀናች ለአንዱ ጎረቤት ትጮህ ነበር።

«በ‹አ› ጨርሰው» አሉ።

ላውዳንዳ።